የተተከለውን አይነካም

ንብረት ይርጋ በዚያ ቀን ለልጁ ሠርግ ያሰፋውን ኮት ለበሰ። በላዩ ጋቢ ደረበ። በጋቢው ሥር በፌስታል የቋጠረውን ነገር ይዞ፣ ገና የጉና ተራራ ጉሙን ሳይገፍ፣ ከገሳይ በሚነሣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ታናሽ እህቱ ዘነበች አብራው ነበረች። መንገዱን ሙሉ ብዙ አልተናገረም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነገራት።

“ሲጠሩሽ ትነሺና ያየሽውን ትናገሪያለሽ። ምንጩ ነበረ፣ ደረቀ። ሌላ ነገር አትጨምሪ።”

“ስንቴ ትነግረኛለህ አያ? እንስራ አዝዬ የወረድኩበትን ውሃ ልረሳው ነው?”

“ሰው ፊት ስትቆሚ ይጠፋሻል።”

“አንተን እንዳይጠፋህ” አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ጠቡ የውሃ ጠብ ነው። ከንብረት ማሳ ራስጌ ጥቁር ውሃ የሚባል ምንጭ ነበረ። ክረምት ከበጋ አይጎድልም። ንብረት በእሱ እያጠጣ ድንቹን በዓመት ሁለት ጊዜ ያወጣ ነበር። ሰፈሩም ከዚያው ይቀዳል፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት የጎረቤቱ የደሳለው ፈንታ ነው። ደሳለው ያን መሬት ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ አለበሰው። ዛፉ ሲጎረምስ ምንጩ ቀጠነ። ዛፉ ለአጣና ሲደርስ ምንጩ ጭቃ ሆነ። ቆይቶ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጠቀ።

ንብረት ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሎቹ ወጥተው አዩና “በገዛ መሬቱ የተከለውን ምን እንበለው?” ብለው ተመለሱ። ቀበሌ ሄደ። ሊቀመንበሩ “የሚከለክል ሕግ የለም” አለው። ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ልጅ እግር ነበር፤ በትሕትና መለሰለት።

“አባባ፣ የሚከለክል ሕግ ካለ ያምጡልኝ፤ እፈርድልዎታለሁ።”

ንብረት ሕግ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም ነበር። ጫማውን እያየ ወጣ።

ይህን ሁሉ ምናልባት ይረሳው ነበር። ከሆዱ አልወጣ ያለው ሚስቱ ብዙነሽ ስትሞት የሆነው ነው። ለቀስተኛው በዛ፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ታጣ። ደሳለው ከንብረት ማሳ ግርጌ ሌላ ቁራሽ መሬት ነበረው። እዚያ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነጭ ሽንኩርት ያጠጣበታል። ከዚያ ጉድጓድ ውሃ አስቀድቶ በአህያ አስጭኖ ላከ። ለቀስተኛው ሁሉ ጠጣ። ጠጥቶም መረቀው። “ዕድሜ ይስጥህ ደሳለው፣ ውሃ አያሳጣህ” አለ ሰው ሁሉ፣ የብዙነሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ። ንብረት ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ምርቃቱን ሰማ። በውሃ ጥም ዋለ እንጂ ከዚያ ውሃ አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ፣ ዘነበችም ጭምር፣ ከደሳለው ጉድጓድ ይቀዳል። ንብረት ግን አህያውን እየነዳ ከገደሉ ሥር ወዳለው ወንዝ ይወርዳል። ሲወርድ በደሳለው በር ያልፋል። ደሳለውም አንዳንድ ቀን ከደጁ ቆሞ፣ “አያ ንብረት፣ ጉድጓዱ እኮ ክፍት ነው፤ ጉልበትዎን ለምን ይጎዳሉ?” ይለዋል። ይህ ለሰው ሁሉ ደግነት ይመስላል። ንብረት ግን ከድምፁ ሥር ያለውን ሳቅ ይሰማዋል።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የግብርና ሠራተኛዋ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ተናገረች። የክልሉ ምክር ቤት ስለ ባሕር ዛፍ አዋጅ ሊያወጣ ነው፤ ቋሚ ኮሚቴው ደብረ ታቦር መጥቶ የሕዝብ ሐሳብ ይሰማል፤ የፈለገ ሄዶ ይናገር አለች። ንብረት ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዘ፦ ሕጉ መጣ። ዳኛው “ያምጡ” ያለው ሕግ በእግሩ ደብረ ታቦር ድረስ መጣለት። “ክሴ ተጠራ” አለ በልቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፉ ቀለለ፣ እህል ጣመው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ በረጅም ጠረጴዛ ኋላ የኮሚቴው አባላት ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰላማዊት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። በየወንበሩ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። ንብረት ውሃውን አገላብጦ አየና ለዘነበች ሰጣት። ከዚያ ዐይኑን አዞረ። ደሳለው ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል። ስልኩን ይነካካል።

“መጥቷል” አለ ንብረት።

“ለምን አይመጣም? ዛፍ አለው” አለች ዘነበች።

ሰላማዊት ድምፅ ማጉያውን ሳብ አድርጋ ተናገረች። ረቂቁን ወደ ኮሚቴው የመራው ምክር ቤቱ ነው። ኮሚቴው ሕዝቡን ይሰማል፤ ከዚያ የሚሻሻለውን አሻሽሎ፣ የውሳኔ ሐሳቡን ጽፎ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። “እኛ እዚህ የመጣነው ልንሰማችሁ ነው። አንፈርድም” አለች።

ንብረት “ልንሰማችሁ” ያለችውን ሰማ። ቀሪው አልፎት ሄደ።

ጸሐፊው ረቂቁን ማንበብ ጀመረ። ንብረት አንገቱን አሰግጎ አዳመጠ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ባሕር ዛፍን ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጎረቤት ማሳ አጠገብ መትከል ክልክል ነው፤ ርቀቱ ይህን ያህል ነው ይላል። የንብረት ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የዘነበችን ክንድ ጨበጠ። ጸሐፊው ገጹን ገለጠና ቀጠለ፦ “ንዑስ ቁጥር ሁለት። ይህ ድንጋጌ አዋጁ ከመጽናቱ በፊት የተተከለውን አይነካም።”

“ምን አለ?” አለ ንብረት።

“የተተከለውን አይነካም አለ” አለች ዘነበች።

ንብረት ክንዷን ለቀቀ። ፊት ለፊቱ ሰማያዊው ኮፍያ ወደ ጎን ሲዞር አየ። ደሳለው አጠገቡ ላለው ሰው አንድ ነገር አለው፤ ሁለቱም ሳቁ።

መጀመሪያ የተናገረው አንዋር የሚባል የአጣና ነጋዴ ነው። የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ ሁሉ ያውቀዋል።

“ቢስሚላህ። እኔ የምጠይቀው ይህ አዳራሽ በምን ቆመ ነው” አለ። “የምትቀመጡበት ቤት በምን ቆመ? ስትሞቱ የምትለቀሱበት ድንኳን እንኳ በባሕር ዛፍ ነው የቆመው። ብረት እንደሆነ ዋጋው አይቀመስም። ሕግ አውጡ፣ ግን ከማውጣታችሁ በፊት ምን ላይ እንደተቀመጣችሁ ወደ ታች እዩ።” ሰው ሳቀ። አጨበጨቡለት።

የንብረት ስም ተጠራ። ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞረው ወደ እሱ ሲመጣ ንብረት አልጠበቀውም። ተነሥቶ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት ሄደ። በልጅነቱ አባቱ ሲሟገት ያየውን አደረገ። በትሩን ከእግሩ ሥር አጋደመ፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አደገደገ፤ ለጠረጴዛው እጅ ነሣ።

“እኔ ንብረት ይርጋ ከሳሽ ነኝ። ተከሳሼ ደሳለው ፈንታ እዚያ ተቀምጧል። ይቁምልኝ።”

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰላማዊት ግን አልሳቀችም።

“አባባ፣ ይህ ችሎት አይደለም። ከሳሽም ተከሳሽም የለም። የሰው ስም አይጠራም። ስለ አንቀጹ ብቻ ይናገሩ።”

“ያለ ተከሳሽ ክርክር እንዴት ይሆናል?”

“ሕግ ለሁሉም ነው የሚወጣው፤ ለአንድ ሰው አይወጣም።”

ደሳለው ከተቀመጠበት ድምፁን አሰማ። “ክብርት ሰብሳቢ፣ አያ ንብረትን ደስ ካላቸው ልቁምላቸው፤ እግሬም ደንዝዟል።”

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሰላማዊት እሱንም ገሠጸችው። ንብረት ቆሞ ጠበቀ። ሳቁ ሲበርድ እንዲህ አለ፦

“እሺ፣ ስም አልጠራም። አንድ ሰው አለ። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል…”

“አባባ!” ሰላማዊት ጠረጴዛውን መታች። “ይህ ሁለተኛዎ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሰው ከጠቆሙ ዕድሉን ለሌላ እሰጣለሁ።”

ወደ ቦታው ሊመለስ ይሆናል ብሎ ሰው ጠበቀ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ፈታ። ከውስጡ የደረቀ የጭቃ ቂጣ የሚመስል ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቶቻቸው መካከል፣ አስቀመጠው። ጭቃው ላይ የጥጃ ሰኮና ታትሟል።

“ይህ ምንጭ ነበር” አለ።

የሰኮናውን ቅርጽ በጣቱ አሳያቸው።

“ጥጃይቱ የመጨረሻውን ውሃ ስትጠጣ ያሳረፈችው እግር ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ እርጥበት የለም። እናንተ ‘የተተከለውን አይነካም’ ትላላችሁ። ይህን ምንጭ ያደረቀው ገና የሚተከለው ነው? ያልተተከለ ዛፍ ምን በደለኝ? እኔን የበደለኝ ቆሞ ያለው ነው፤ ሥር የሰደደው። ሌባው እቃዬን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ ‘ከነገ ወዲያ መስረቅ ክልክል ነው፤ የሰረቅኸው ያንተ ነው’ ብላችሁ ታውጃላችሁ? እንዲህ ያለውን ሕግ ሌባው ራሱ ቢያወጣውስ ከዚህ በምን ይለያል?”

ከኋላ አንድ ሰው “እውነት ነው!” አለ። ሌላው ተከተለ። አንዋር እንኳ ራሱን ነቀነቀ። ከኮሚቴው አባላት መነጽር ያደረገው ጭቃውን በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ሰላማዊት ጆሮ ጎንበስ አለ። ተነጋገሩ። ንብረት ጀርባውን ሳያጎብጥ ጠበቀ። ይህን ቀን ለስንት ዘመን ነው የጠበቀው! በሐሳቡ መጥረቢያው ሲያርፍ ይሰማዋል። አንድ ባንድ ሲወድቁ ያያል። ደሳለውም ከደጁ ቆሞ ሲያይ፣ እሱም በዚያ ሲያልፍ፣ “ጉልበትህን ለምን ትጎዳለህ?” ብሎ በተራው ሲመልስለት ይታየዋል።

ሰላማዊት ቀና አለች። “አባባ፣ የነገሩን ከባድ ነገር ነው። ሕግ እንደ ደንቡ ወደ ኋላ አይሄድም። ነገር ግን የቆመው ዛፍ በእውነት ምንጭ እንዳደረቀ ከነዋሪው ከሰማን፣ ኮሚቴው ንዑስ ቁጥር ሁለት ይውጣ ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?”

“አለ። እህቴ ዘነበች ይርጋ። እዚያ ናት።”

“ክብርት ሰብሳቢ!” ደሳለው እጁን አነሣ። “እሳቸው ከመቆማቸው በፊት፣ ስለ አንቀጹ አንዲት ነገር ብቻ።”

ተፈቀደለት። ደሳለው ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ስም አልጠራም፤ ወደ ማንም አልጠቆመም። ደንቡ ቶሎ ገብቶታል።

“የተተከለውም ይነቀል ከተባለ ሕዝብ ያለውን እኔ አልቃወምም” አለ በለዘበ ድምፅ። “አንድ ነገር ብቻ ይጨመር እላለሁ። ባል የሞተባቸው አሉ። ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች አሉ። ከወንዝ ዳር ያለች አንዲት ረድፍ ባሕር ዛፍ ናት ጨዋቸውም፣ ቀሚሳቸውም፣ የጥምቀት ጠላቸውም። እሷን ንቀይ ማለት ግፍ ነው። በመበለት ስም ያለ ዛፍ አይነካ። ይኸው ነው።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘነበችም አጨበጨበች።

ንብረት ወደ እሷ ዞሮ አያት። የወንዝ ዳሯ ረድፍ የዘነበች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዓመት በዓመት ጥቂት አጣና እየሸጠች ነው የምትኖረው። ችግኙን ራሷ ነው የተከለችው፤ ውሃ ያጠጣችውም በጣሳ ነው። ይህን ንብረት ያውቃል። ሌላም ነገር ያውቃል፤ እሱን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያ ከጥቁር ውሃ በላይ ያለው መሬት በደሳለው ስም አይደለም። መሬት ሲመዘገብ ደሳለው ያን ቁራሽ በእናቱ በአሰለፈች ስም ነው ያስያዘው። አሰለፈች ባል የሞተባት ናት። ዐይኗ አያይም፤ አንድም ችግኝ በእጇ ነክታ አታውቅም።

“አባባ” አለች ሰላማዊት፣ “እርስዎ ባሉት ላይ ይህ ቢጨመር ይስማማሉ?”

ንብረት አፉን ከፈተ። “ያ መሬት በእናቱ ስም ነው” ሊል ነበር። የሰላማዊት እጅ ከጠረጴዛው በላይ ተዘጋጅቶ አየ። ሦስተኛው። ከጠቆመ ንግግሩን ያቋርጡታል፤ የደሳለው ቃል ቆሞ ይቀራል። አፉን ዘጋ። ደሳለውን አየው። ደሳለው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ በአክብሮት ይጠብቀዋል። በድንኳኑ ቀንም እንዲሁ ነበር የቆመው፣ ሰው ሲመርቀው።

“አልስማማም” አለ ንብረት።

“አልሰማሁም?”

“አልስማማም! ማንም አይቅር። የመበለት ዛፍም ሥር አለው፤ ውሃ ይጠጣል። የቆመው ሁሉ ይነቀል። ከወንዝ ዳርም፣ ከምንጭ ዳርም። አንድ እንኳ አይቅር።”

የአዳራሹ ማጉረምረም ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። አንዲት ሴት “እሰይ! ወንድም ማለት ይህ ነው” አለች ጮክ ብላ። የገሳይ ሴት መሆን አለባት። ንብረት አልዞረም። ዐይኑ ደሳለው ላይ ነበር፤ የደሳለው ፊት ሲከስል አየ። ያ በቃው።

“እንግዲህ ወይዘሮ ዘነበች” አለች ሰላማዊት።

ዘነበች ተነሣች። ድምፅ ማጉያውን ሰጧት። በሁለት እጇ ያዘችው።

“ወንድምዎ የሚሉትን ጥቁር ውሃ የሚባል ምንጭ ያውቁታል?”

ዘነበች ወንድሟን አየችው። እሱም አያት፤ በራሱ ነቀነቀላት። ምንጩ ነበረ፣ ደረቀ። ሌላ አትጨምሪ።

“የት ያለውን?” አለች።

“ከማሳቸው ራስጌ የነበረውን።”

“ከማሳው ራስጌ ድንጋይ አውቃለሁ” አለች ዘነበች። “ምንጭ አላየሁም።”

ማጉያውን መለሰችና ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ደሳለው እንኳ አልሳቀም። ሲያያት ቆየና ኮፍያውን አጥልቆ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ንብረት ባለበት ደርቆ ቀረ። ሰላማዊት ጭቃውን አየች፤ እሱን አየችው። “በትርዎን ያንሡ አባባ፣ ይቀመጡ” አለችው፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። በትሩን አነሣ። ጭቃውን እዚያው ተወው።

ከሰዓት በኋላ ሌሎች ተናገሩ። ንብረት ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሰማ፤ ከዘነበች ጎን አልተቀመጠም። ሲያበቃ ሰላማዊት ስለየአንቀጹ የተሰማውን ጨምቃ ተናገረች። ዘጠነኛው አንቀጽ ድጋፍ አግኝቷል። ንዑስ ቁጥር ሁለትን ለማውጣት የሚያበቃ ነገር ግን አልተገኘም፤ እንዳለ ይቀርባል። ምክር ቤቱ በጥቅምት ተሰብስቦ ይወስናል፤ እስከዚያ በጽሑፍ የሚመጣ ሐሳብም እንቀበላለን አለች።

አንዋር እጁን አወጣ። “ከአሁን እስከ ጥቅምት ክረምት አለ። ሰው ችግኝ ይተክላል። የዘንድሮው ክረምት ተከላ ወዴት ይወድቃል?”

ሰላማዊት መነጽር ያደረገውን አየችው። እሱ መለሰ። “አዋጁ እስኪጸና ድረስ የሚከለክል ሕግ የለም። ከዚያ በፊት የተተከለ እንደ ተተከለ ነው።”

ንብረት ከግድግዳው ቀና አለ።

ወደ ገሳይ ሲመለሱ ዘነበች ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። ከመኪና ወርደው በእግር ሲያዘግሙ ቀኑ እየመሸ ነበር። እሷ ቀድማ ትሄዳለች። ከአቀበቱ ላይ ደርሰው የደሳለው ባሕር ዛፍ ጥቁር ሆኖ ሲታያቸው፣ ንብረት ቀጥ ብሎ ቆመ።

“በእጇ የተከለች” አለ።

“ምን?” አለች ሳትዞር።

“‘በመበለት ስም ያለ’ ሳይሆን ‘መበለት በእጇ የተከለችው’ ብዬ ቢሆን! የሰው ስም መጥራት አያስፈልገኝም ነበር። ያንቺ ይተርፍ ነበር። የእሱ ይወድቅ ነበር።”

ዘነበች ዞራ አየችው። “ይህ አሁን ነው የመጣልህ?”

“አሁን።”

“ስትናገር ግን ምን ነበር በዐይንህ ፊት? እኔ ነበርኩ?”

ንብረት ወደ ዛፉ አየ።

“እሱ ነበር” አለች። “እኔ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ እሱን ብቻ ነበር የምታየው።”

“ሰብሳቢዋ በጽሑፍም እንቀበላለን ብላለች። አንቺ ትመለሺና ተሳስቼ ነው ትያለሽ። ምንጩ ነበረ ትያለሽ…”

“ምንጩ ነበረ” አለች ዘነበች። “ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ነበረ። ከዳሩ ቄጠማ ነበረ። እናታችን በማለዳ እየላከችኝ፣ እግሬን ሲበርደኝ አንተ ታዝለኝ ነበር። አንዱም አልጠፋኝም። ላንተ ግን አልመሰክርም። እስክሞት አልመሰክርልህም።”

ጥላው ሄደች። ንብረት እዚያው ቆሞ የዛፉን ሹክሹክታ ሰማ።

ሐምሌ ሲገባ ንብረት ሐሙሲት ከተማ ድረስ ሄዶ በፕላስቲክ የፈላ የባሕር ዛፍ ችግኝ በአህያ ሁለት ጭነት አመጣ። ገሳይ ላይ ችግኝ ሞልቶ ሳለ ያን ያህል የራቀው ሰው እንዳያይበት ነው። ከዚያ ከደረቀው ማሳው ግርጌ፣ ከወሰኑ አጠገብ መቆፈር ጀመረ። ከወሰኑ ማዶ የደሳለው ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ከሽንኩርቱ መካከል ጉድጓዱ።

ደሳለው በዝናብ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። የመጀመሪያው ረድፍ አልቆ ሁለተኛው ተጀምሮ ነበር።

“አያ ንብረት፣ ባሕር ዛፍ ነው?”

“አዎ።”

“እዚህ? ከጉድጓዱ አፍ ላይ?”

“በገዛ መሬቴ ነው።”

“ይህን ጉድጓድ እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠጣው። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከዚህ ነው። በሥላሴ ይተውት።” የደሳለው ድምፅ ሥር ዛሬ ሳቅ አልነበረም። “የኔን ከላይ ያለውን እቆርጣለሁ። ከነገ ጀምሬ እቆርጣለሁ።”

ንብረት ዶማውን ተደገፈ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሙ ሰምቶታል። ሲሰማው ግን የጠበቀውን ያህል አልጣመውም፤ አልበቃውም።

“የሚከለክል ሕግ ካለ አምጣልኝ” አለው።

ደሳለው ከንፈሩን ነከሰና ሄደ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሽማግሎቹ መጡ፤ ያዩትን አይተው፣ ያሉትን ብለው ተመለሱ። ንብረት ሥራውን አላቋረጠም።

በመጨረሻው ቀን ዘነበች መጣች። ቢጫ ጄሪካኗን በጀርባዋ አዝላለች፤ ከጉድጓዱ ቀድታ እየተመለሰች ነው። ከዚያ ከአቀበቱ ምሽት ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ከወሰኑ ማዶ ቆመች። ከጄሪካኑ ክዳን ውሃ በቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል።

“አያ” አለች።

“እ?”

“እኔም ከዚህ ነው የምጠጣው።”

“አውቃለሁ።”

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ዘነበች የችግኞቹን ረድፍ በዐይኗ ተከተለች። እያንዳንዱ ከክንድ አይበልጥም።

“ይህ አድጎ ጉድጓዱን እስኪያደርቅ አንተ አትኖርም። አታየውም።”

“ዛፉ ይኖራል” አለ ንብረት።

ከፌስታሉ ሌላ ችግኝ አወጣ። ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደና ለችግኙ በማሰው ጉድጓድ ውስጥ አቆመው፤ አፈሩን መልሶ በተረከዙ ረገጠው።